ሦስተኛው ሲሊንደር ለብቻው ሲግል፦ የሞተሩን ሽፋን ከመቁረጥ በፊት የሚመረመረው

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «ራሴ የገጣጠምኩት ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ላይ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ባለ 160 የፈረስ ጉልበት ላይኮሚንግ ኦ-320 ሞተር አለ። ካርብሬተር ያለው ነው፤ የፕሮፔለሩ ምላጮች ማዕዘን ቋሚ ነው። የውጭው አየር 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ በ75 ኖት ከፍታ ስይዝ የሦስተኛው ሲሊንደር ቴስታታ (የሲሊንደሩ ራስ) 235 ዲግሪ ይደርሳል። አንደኛው 200፣ ሁለተኛው 210፣ አራተኛው 212 ናቸው። ዘይቱ 112 ይገባል። የፊቱን የአየር መግቢያዎች ላስፋቸው? ምን ያህል?»

መግቢያዎቹን አይንኩ፤ ቢያንስ ግፊቱን ሳይለኩ አይንኩ። ሦስቱ ሲሊንደሮች በ200 እና በ212 መካከል ሆነው አንዱ ብቻ ከ20 ዲግሪ በላይ ከዘለለ፣ ወደ ሽፋኑ የሚገባው አየር አነሰ ብሎ መደምደም አይቻልም። አየሩ ገብቶ ሦስተኛው ሲሊንደር ድርሻውን አላገኘ ይሆናል፤ ወይም ይህ ሲሊንደር ከሌሎቹ የበለጠ ሙቀት እያመነጨ ይሆናል፤ ወይም መለኪያው ይዋሻል። የዘይቱ 112 ግን ለብቻው መታየት አለበት። የዘይት ራዲያተሩ አየር የሚያገኘው ከሞተሩ በላይ ካለው ክፍል ስለሆነ፣ እዚያ ያለው ግፊት በጠቅላላው የሳሳ መሆኑን ሊጠቁም ይችላል።

በመጀመሪያ ገደቦቹ። ላይኮሚንግ ለዚህ ሞተር የሰጠው የቴስታታ የመጨረሻ ገደብ 260 ዲግሪ ነው። ይህ ግን እዚያ ድረስ እያስገቡ ለመብረር የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። ያው አምራች ሞተሩ ዕድሜ እንዲኖረው በከፍተኛ ኃይል ሲጓዙ ከ224፣ በቁጠባ ሲጓዙ ከ205 ዲግሪ በታች እንዲቆይ ይመክራል። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ ከ200 ዲግሪ በላይ እየጋለ ሲሄድ ጥንካሬው ይወርዳል፣ የጭስ ማውጫ ቫልቩ መቀመጫና ማንሸራተቻም ቶሎ ይበላል። የዘይቱ የመጨረሻ ገደብ 118 ሲሆን ደህና የሚባለው ከ82 እስከ 93 ያለው ነው። እርስዎ ገደብ አልጣሱም፤ የቀረዎት ክፍተት ግን ጠባብ ነው። የቴስታታ ሙቀት ከውጭው አየር ጋር በግምት ዲግሪ በዲግሪ ስለሚጨምር፣ በ28 ዲግሪ ቀን 235 ያለው ሞተር በ38 ዲግሪ ቀን 245 ይላል፤ ዘይቱም በዚያው መጠን ባይሆንም ይከተላል።

እስኪስተካከል ድረስ ከፍታ የሚይዙበትን ፍጥነት ይጨምሩ። አየሩን በሞተሩ ውስጥ የሚገፋው ግፊት ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ ከ75 ወደ 95 ኖት ሲያልፉ የሚያገኙት ግፊት 60 በመቶ ይጨምራል። ከመሬት አካባቢ ያለውን እንቅፋት ካለፉ በኋላ 75 ኖት ላይ የሚያቆይዎት ነገር የለም። የነዳጅና የአየር ድብልቁን ሙሉ በሙሉ ሀብታም (ነዳጅ የበዛበት) አድርገው ይውጡ፤ 220 ሲያዩ አፍንጫውን ዝቅ ያድርጉ። አንድ ሲሊንደር ብቻውን በሰከንድ አንድ ዲግሪ ያህል እየዘለለ ሲወጣ፣ በተለይም የዚያው ሲሊንደር የጭስ ሙቀት በአንጻሩ እየወረደ ከሆነ፣ ይህ የማቀዝቀዝ ችግር አይደለም። ነዳጁ ከጊዜው ቀድሞ እየነደደ ወይም እየፈነዳ ነውና ወዲያውኑ ጋዙን ይቀንሱ፤ ድብልቁ ሙሉ ሀብታም ካልነበረ ያድርጉት፤ ወርደውም ሞተሩን ሳይመረምሩ አይነሱ።

መለኪያውን መጠርጠር

ይህ ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ስለሆነ ከሁሉ በፊት ይሠራ። የሦስተኛውንና የአንደኛውን የቴስታታ መለኪያ ዘንግ ያቀያይሩና ይብረሩ። ሙቀቱ ዘንጉን ተከትሎ ወደ አንደኛው ከሄደ ጉድለቱ በዘንጉ ነው። ሦስተኛው ላይ ከቀረ ደግሞ ዘንጎቹን ወደ ቦታቸው መልሰው የመሣሪያውን ሽቦዎች ብቻ ያቀያይሩ፤ ጥፋቱ በሽቦው ወይም በመሣሪያው መስመር ሊሆን ይችላልና።

በዘንጎቹ ውስጥ ሙቀቱን የሚለኩት ባለ ሁለት ብረት ሽቦዎች፣ ማለትም ቴርሞኮፕሎች፣ ጄ እና ኬ በሚባሉ ዓይነቶች ይመጣሉ። ለኬ በተዘጋጀ መሣሪያ ላይ ጄ ከተሰካ ትክክለኛው 200 ዲግሪ 265 ተብሎ ይነበባል። አራቱ ዘንጎች አንድ ዓይነት መሆናቸውን በሽቦ ቀለማቸው ይለዩ፤ በአሜሪካ ኮድ ጄ ነጭና ቀይ፣ ኬ ቢጫና ቀይ ነው። ሽቦ አንሷቸው በመዳብ ሽቦ የሚቀጥሉ አሉ፤ ያን ጊዜ ንባቡ መጋጠሚያው በሚገኝበት ቦታ ሙቀት ይዛባል፤ የሞተር ክፍል ደግሞ ሙቀቱ በየቦታው የተለያየ ነው። ከካንዴላ ሥር የሚገባ ቀለበት መሳይ መለኪያና ወደ ቴስታታው ቀዳዳ የሚገባ ዘንግም እኩል አያነቡም፤ የፋብሪካው ገደብ የተሰጠው ለዘንጉ ነው። ሦስተኛው ላይ ቀለበት፣ ሌሎቹ ላይ ዘንግ ካለ ማነጻጸሩ ዋጋ የለውም።

የዘይት መለኪያውንም ጫፉን በሚፈላ ውሃ ውስጥ ነክረው ያረጋግጡ። ከባሕር ወለል በላይ በየ300 ሜትሩ የመፍያ ነጥቡ አንድ ዲግሪ ያህል ስለሚወርድ ያንን ይቀንሱ፤ በ2,000 ሜትር ከፍታ የሚጠበቀው 93 አካባቢ ነው።

ግፊቱን መለካት

በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር የሚቀዘቅዘው ነፋስ ስለመታው አይደለም። ሽፋኑና የላሜራ ግድግዳዎቹ፣ ማለትም ባፍሎቹ፣ የሞተሩን ክፍል ለሁለት ይከፍሉታል። በላይኛው ክፍል ግፊቱ ከፍ ይላል፤ በታችኛው ዝቅ ይላል፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት አየሩን በሲሊንደሮቹ ዙሪያ ባሉት ቀጫጭን የማቀዝቀዣ ክንፎች፣ ማለትም በፊኖቹ፣ መካከል እየጨመቀ ያሳልፈዋል። ፊኖቹን ሳይነካ ከላይ ወደ ታች የሚያመልጥ አየር ሁሉ ለማቀዝቀዝ አይጠቅምም፤ ከዚያም አልፎ የላይኛውን ግፊት ይቀንሳል፣ የታችኛውን ይጨምራል። መግቢያ ማስፋት ብዙ ጊዜ የማይረዳው በዚህ ነው፤ ሞተሩና መውጫው ሊያሳልፉት ከሚችሉት በላይ የቀረበው አየር ከመግቢያው ከንፈር ላይ ተመልሶ ይፈስሳል።

ለመለካት የሚያስፈልገው ውድ ዕቃ አይደለም። 6 ሚሊሜትር የውስጥ ስፋት ያለው ግልጽ ቱቦ በዩ ቅርጽ ሰሌዳ ላይ አስረው ግማሹን በቀለም የተበጠበጠ ውሃ ይሙሉ፤ ጎኑ ላይ ሚሊሜትር ያለው ማስመሪያ ይለጥፉ። በበረራ ላይ ውሃ ማየት ካልፈለጉ ትርፍ የፍጥነት መለኪያ ይጠቀሙ፤ የላይኛውን ክፍል ከፒቶው (የፊት ነፋሱን ግፊት ከሚቀበለው)፣ የታችኛውን ከስታቲኩ (የዙሪያውን አየር ግፊት ከሚቀበለው) ቀዳዳ ጋር ያገናኙና ልዩነቱን በኖት ያንብቡ። 60 ኖት ማለት 60 ሚሊሜትር ውሃ ነው፤ 70 ኖት 81፣ 80 ኖት 106፣ 90 ኖት 134፣ 100 ኖት 165 ሚሊሜትር ነው። የአውሮፕላኑን የራሱን የፍጥነት መለኪያ ለዚህ ነቅለው አይጠቀሙ።

በሞተር ክፍሉ ውስጥ የሚገባው የቱቦ ጫፍ ነፋስ በቀጥታ እንዳይገባበት ሆኖ ይሠራ። 15 ሴንቲሜትር ያህል ቀጭን የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ቱቦ ወስደው ጫፉን ይድፈኑ፤ ጎኑ ላይ 1 ሚሊሜትር የሆኑ ስምንት ወይም አሥር ቀዳዳዎች ይብሱ። አንዱን ከሲሊንደሮቹ በላይ፣ ከመግቢያው ቀጥታ መስመር ውጭ፣ ሌላውን ከሲሊንደሮቹ በታች ከጭስ ማውጫው ራቅ አድርገው ይሰሩት። በእሳት መከላከያው ግድግዳ በኩል ሲያልፍ የብረት ማያያዣ ይግባበት፤ ፕላስቲክ ቱቦ ግድግዳውን ራሱ እንዳያልፍ። አብራሪው ቁጥር የሚያነብ ከሆነ ከጎኑ ሌላ ሰው ይቀመጥ ወይም ካሜራ ይቅረጽ።

በ95 ኖት ጠቋሚ ፍጥነት ከነፋሱ ሊገኝ የሚችለው ግፊት 149 ሚሊሜትር ውሃ ነው፤ በ75 ኖት ደግሞ 93 ብቻ። መጀመሪያ የላይና የታችን ልዩነት ይውሰዱ፤ ቀጥሎ እያንዳንዱን ክፍል ከስታቲክ ግፊት ጋር ለየብቻ ያነጻጽሩ። ለዚህ በስታቲክ መስመሩ ላይ ቲ ማያያዣ ካስገቡ፣ ሙከራው ሲያልቅ አውጥተው መስመሩ አየር እንደማያሾልክ መፈተሽ ግዴታ ነው።

እንደ መነሻ ይህን ይያዙ። በ95 ኖት የላይኛው ክፍል ከ110 ሚሊሜትር በላይ ከያዘ መግቢያዎቹ ሥራቸውን ሠርተዋል፤ ስለ ማስፋት ማሰብ ያቁሙ። የላይኛው ደህና ሆኖ የታችኛው ከ45 በላይ ከሆነ የታነቀው መውጫው ነው። የላይኛው ከ90 በታች ከሆነ ወይ አየር እያመለጠ ነው፣ ወይ መግቢያው ተበላሽቷል። ሁለቱን ለመለየት ያገኙትን ክፍተት ሁሉ ለአንድ በረራ ብቻ በአሉሚኒየም ቴፕ ዘግተው እንደገና ይለኩ፤ የላይኛው ከፍ ካለ ማምለጫ ነበር። ላይና ታች ሁለቱም ጥሩ ሆነው ሦስተኛው አሁንም ከጋለ ደግሞ ጉዳዩ እዚያው ሲሊንደሩ ላይ ነው። በሰጡኝ ቁጥሮች እኔ የምጠብቀው ይህንኑ ነው፤ ከጎኑም ዘይቱን የሚያግለው መጠነኛ የማኅተም መሳሳት አብሮ ይኖራል።

መግቢያው ራሱ የሚጠረጠረው ሁሉም ከታሸገ በኋላም የላይኛው ዝቅ ካለ ብቻ ነው። ያኔም ከስፋቱ በፊት ቅርጹን ይመልከቱ። የውስጠኛው ከንፈር ስለት ከሆነ ወይም ከመግቢያው በኋላ ያለው ጣሪያ በድንገት ከተነሣ፣ አየሩ ከግድግዳው ተላቅቆ ይተራመስና ፍጥነቱ ወደ ግፊት ሳይቀየር ይባክናል፤ በዝቅተኛ ፍጥነት አፍንጫው ቀና ሲል ይብሳል። ባለ 160 የፈረስ ጉልበት ሞተር ላይ የሁለቱ መግቢያዎች ድምር በተለምዶ 300 ካሬ ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። የእርስዎ ከዚያ ብዙ ካላነሰ ስፋቱን እንደ ጥፋተኛ አይቁጠሩት።

ማምለጫዎቹ የት ናቸው?

በባፍሎቹና በሽፋኑ መካከል ያለውን ክፍተት የሚያሽገው፣ ሁለት ሜትር የሚሆን የሲሊኮን ጎማ በሽፋኑ ዙሪያ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ቢከፈት 30 ካሬ ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ይህም ከመግቢያዎቹ አንድ አሥረኛ ነው። ስለዚህ «ትንሽ ናት» እየተባለ የሚታለፍ ክፍተት የለም።

የላይኛውን ሽፋን አውልቀው ጎማው የሚነካበትን የውስጥ ገጽ ያጥኑ። ጎማው በትክክል ከተቀመጠ ሳይቋረጥ የሚሄድ ጥቁር የፍትጊያ መስመር ይተዋል። መስመሩ በተቋረጠበት ቦታ ሁሉ አየር ያልፋል። ጎማው 2.4 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው ሆኖ ወደ ውስጥ፣ ግፊቱ ወዳለበት ወገን መታጠፍ አለበት፤ ያን ጊዜ ግፊቱ ራሱ ከሽፋኑ ጋር ያጣብቀዋል። ወደ ኋላ ከታጠፈ ግፊቱ ይከፍተዋል። በማዕዘኖች ላይ ጎማው እንዳይሸበሸብ ተቆርጦ አንዱ በሌላው ላይ ይደረብ። ከዚያ ሽፋኑን ገጥመው ጨለማ ቦታ ላይ ኃይለኛ አምፖል በታችኛው ክፍል ያብሩና በመግቢያዎቹ በኩል ይመልከቱ። ብርሃን ካዩ አየርም ይወጣል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ከመግቢያው ወለል እስከ ፊት ባፍል ያለው ቦታ ነው። ሞተሩ በጎማ መያዣዎቹ ላይ ስለሚንቀሳቀስ እዚያ ሰፊ ክፍተት ይተዋሉ፤ የሚዘጋውም ሰው ጥቂት ነው። ቀጥሎ ባፍሉ ከሞተሩ አካል ጋር የሚገናኝባቸው ማዕዘኖች፣ የላሜራዎቹ መጋጠሚያዎች፣ የካንዴላ ሽቦ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ይምጡ። እነዚህ ሙቀት በሚችል ሲሊኮን ይደፈናሉ። ከባፍሉ የሚነሡ ቱቦዎችንም ይቁጠሩ። ለማግኔቶ (ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ ለሚያመነጨው) ማቀዝቀዣ የሚሄድ 25 ሚሊሜትር ቱቦ 5 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል ይወስዳል፤ ለጓዳ ማሞቂያ የሚሄደው 50 ሚሊሜትር ቱቦ ግን 20 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። ማሞቂያው ሲዘጋም አየሩ ወደ ታችኛው ክፍል ይደፋል እንጂ አይቆምም። በሞቃት ወራት አፉን በላሜራ መክደን ምንም ወጪ የሌለው መፍትሔ ነው።

ሦስተኛው ሲሊንደር

ከአብራሪው ወንበር ሲታይ ቀኝ ፊት 1፣ ግራ ፊት 2፣ ቀኝ ኋላ 3፣ ግራ ኋላ 4 ነው። የላይኮሚንግ ቴስታታ ፊኖች በአንዱ ጎን ጥልቅ ሲሆኑ በሌላው ጎን በጣም አጭር ናቸው። ሲሊንደሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነው የግራዎቹ ከቀኞቹ ተገልብጠው ስለሚታሰሩ፣ አጭሩ ጎን በቀኝ በኩል ወደ ኋላ፣ በግራ በኩል ወደ ፊት ይመለከታል። ውጤቱን ያስቡት፦ የሦስተኛው አጭር ጎን ከኋላው ባፍል ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። ባፍሉ ጠፍጣፋ ሆኖ ከቴስታታው ጋር ከተጣበቀ፣ በዚያ ጎን አየር የሚወርድበት መንገድ ከነአካቴው ይዘጋል። ሁለተኛውም ከፊት ባፍል ጋር ያው ችግር አለበት፤ ግን ፊት ስለሆነ ያን ያህል አይጎዳም።

ምርመራው ቀላል ነው። ከሦስተኛው ኋላ፣ ከላይ በኩል 2 ሚሊሜትር ሽቦ በባፍሉና በቴስታታው መካከል ይክተቱ። ታች ድረስ ካልወረደ መንስኤውን አግኝተዋል። መፍትሔው ባፍሉ ከቴስታታው ጋር በሚታሰርበት ብሎን ላይ፣ በሁለቱ መካከል 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሮንዴላ ማስገባት ነው፤ ብሎኑ በዚያው ልክ ረዘም ያለ ይሁን። ይብረሩ፤ ካልበቃ ሁለተኛ ሮንዴላ ይጨምሩ። የተሻለው ሥራ ግን ከባፍሉ ላይ ቁራጭ አንሥቶ በአጭሩ ፊን ልክ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ፣ 10 ሚሊሜትር ያህል ጥልቀት ያለው የላሜራ ቦይ መሥራት ነው። ላሜራው 0.8 ሚሊሜትር አሉሚኒየም ይሁን። ቦዩ በሁለቱም ጎን ከቴስታታው ጋር ይጠጋ፤ አየሩ ብረቱን እየላሰ ካልወረደ ሌላ ማምለጫ ከፈቱ ማለት ነው።

ባፍሉ ወርዶ እያለ ፊኖቹን በብርሃን ይመርምሩ። ከፋብሪካ ሲወጣ በፊኖቹ መካከል የቀረ የቀለጠ ብረት ቆዳ፣ በተለይ በላይኛው ካንዴላና በጭስ ማውጫው ቫልቭ መካከል ባለው ጥልቅ ቦታ፣ የተለመደ ነው። ከላይ መብራት ይዘው ከታች ይመልከቱ፤ ብርሃን የማያልፍባቸውን ይለዩና በ3 ሚሊሜትር ረጅም መሰርሰሪያ በእጅ እያሽከረከሩ፣ ወይም በቀጭን ክብ ሞረድ ይክፈቱ። ለስለስ ብለው ይሥሩ፤ የሚነሣው ቆዳው ብቻ ነው፣ ፊኑ ሥር ላይ ጭረት ከቀረ ስንጥቅ ይጀምርበታል። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ዋጋው ግን ከፍተኛ ነው፤ ምክንያቱም የተደፈነው ቦታ ከሁሉ የሚግለው ቦታ ነው።

ከሲሊንደሮቹ በታች ያሉት፣ በ1 እና በ3፣ በ2 እና በ4 መካከል የሚታሰሩት ትንንሽ ባፍሎች አሉ ወይ? በመለዋወጫ ሣጥን ውስጥ የቀሩበት፣ ወይም በለቀቀ ሽቦ የተንጠለጠሉበት አጋጣሚ ብዙ ነው። እነሱ ከሌሉ አየሩ በሲሊንደሮቹ መካከል ባለው ሰፊ ክፍት ቦታ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ወደ ፊኖቹ ውስጠኛ ክፍል አይገባም። ላሜራው ከፊኑ ጫፍ ጋር እስኪነካካ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰር።

ከአንደኛው ሲሊንደር ፊት የአየር መከለያ ላሜራ ካለ የመጨረሻው ማስተካከያ እሱ ነው። አንደኛው 200 ላይ ስለሆነ ጥቂት አየር ለሦስተኛው ሊለቅ ይችላል። መከለያውን በአሉሚኒየም ቴፕ 12 ሚሊሜትር ከፍ አድርገው ይሞክሩ። ከረዳ በላሜራ ይተኩት። ይህን ግን ማምለጫዎቹ ሳይዘጉ አይጀምሩ፤ ያለዚያ ችግሩን ከሦስተኛው ወደ አንደኛው ማዘዋወር ይሆናል።

ሙቀቱ ከውስጥ ቢሆንስ?

አንድ ሲሊንደር ብቻ ድብልቁ ከሳሳበት ይግላል። ብዙ ጊዜ የማኒፎልድ ግፊት መለኪያው ቱቦ ወይም የማስነሻ ነዳጅ መስመሩ የሚሰካው በአንዱ ሲሊንደር ቀዳዳ ላይ ነው። እዚያ መክደኛው ከላላ ወይም ቱቦው ከተሰነጠቀ ያ ሲሊንደር ያልተለካ አየር ይስባል። መለያው ይህ ነው፦ እንዲህ ያለ ፍሳሽ ጋዙ ዝቅ ሲል ጎልቶ ይታያል፣ ሙሉ ሲከፈት ይጠፋል። ስለዚህ የሦስተኛው የጭስ ሙቀት በዝቅተኛ ኃይል ከሌሎቹ ከፍ ብሎ በሙሉ ኃይል ከተስተካከለ የመሳቢያ ቱቦዎቹን ጓርኒሲዮንና ማያያዣ ጎማ ይፈትሹ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ በካርብሬተሩ አፍ በኩል የአቧራ መምጫ ማሽን የሚያወጣውን ነፋስ እየለቀቁ በመጋጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውሃ ቢቀቡ አረፋው ቦታውን ያሳያል።

በሙሉ ኃይል አራቱም የሚግሉ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ካርብሬተሩ ይሄዳል። ይህ ሞተር በባሕር ወለል ከፍታ ሙሉ ጋዝ ሲከፈት በሰዓት ከ50 እስከ 55 ሊትር ቤንዚን መጠጣት አለበት። የነዳጅ ፍሰት መለኪያዎ 45 ካለ የካርብሬተሩ ዋና ጄት ጠብቧል ወይም የድብልቅ ዘንጉ እስከ መጨረሻው አይሄድም። የማግኔቶው ጊዜም ይታይ፤ የተለመደው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 25 የዙር ዲግሪ በፊት ነው፣ በሞተሩ ሰሌዳ ላይ ሌላ ከተጻፈ ግን የሚሠራው እሱ ነው። ጊዜው ከቀደመ ሁሉም ይግላሉ እንጂ ሦስተኛው ብቻ አይግልም። አንድ ካንዴላ ብቻ ሲሞት ደግሞ ብዙዎች ከሚገምቱት በተቃራኒ የጭሱ ሙቀት ይወጣል፣ የቴስታታው ይወርዳል።

ሞተሩ አዲስ ከሆነ ወይም ሲሊንደር የተቀየረለት ከሆነ የፒስተን ፋሻዎቹ እስኪላመዱ ሦስተኛው ለጥቂት ሰዓታት ሊግል ይችላል። ፋሻው ሲቀመጥ ሙቀቱ ይወርዳል፣ የዘይት ፍጆታውም ይቀንሳል። ይህ እስኪሆን ባፍል መቆራረጥ አይጀመርም።

መውጫውና ዘይቱ

የጋለ አየር ይሰፋል፤ ስለዚህ መውጫው ከመግቢያው ድምር ቢያንስ በ30 በመቶ የሚበልጥ ንጹሕ ስፋት ይፈልጋል። ሲለኩ የጭስ ማውጫ ቱቦዎቹ የያዙትን ቦታ ይቀንሱ። የእሳት መከላከያው ግድግዳ የታችኛው ጠርዝ ቀጥ ያለ ማዕዘን ከሆነ አየሩ እዚያ ይሰባበራል፤ 50 ሚሊሜትር ወይም የበለጠ ራዲየስ ያለው የታጠፈ ላሜራ ቢገጠምለት ያለ ምንም ስፋት ጭማሪ መውጫው ይሻሻላል። መውጫው ታንቋል ብሎ ግፊቱ ካሳየ፣ ለሙከራ የታችኛውን ሽፋን የኋላ ከንፈር ከ12 እስከ 20 ሚሊሜትር ወደ ታች የሚያወርድ ጠንካራ ላሜራ ይጠብቁበት። የታችኛው ግፊት ከወረደ ቋሚውን ይሥሩ።

ዘይቱን በተመለከተ ማምለጫዎቹ ተዘግተው ዳግም እስኪበሩ ይጠብቁ፤ ብዙ ጊዜ 5 ወይም 8 ዲግሪ በዚያው ይወርዳል። ካልወረደ የዘይት ቴርሞስታቱን ያውጡ። እሱ በ85 ዲግሪ ገደማ ረዝሞ ማለፊያውን በመዝጋት ዘይቱን ሁሉ ወደ ራዲያተሩ መላክ አለበት። በድስት ውሃ ውስጥ ቴርሞሜትር አድርገው እያሞቁ ሲረዝም ይለኩት። የሾጣጣው ጫፍ ላይ ሙሉ ክብ የመነካካት ምልክት ይፈልጉ፤ ክቡ ከተቆረጠ ዘይቱ ሳይቀዘቅዝ እየሾለከ ነው። በሞተሩ አካል ውስጥ ያለው መቀመጫ ከተበላ ቴርሞስታቱን ብቻ መቀየር አይጠቅምም።

ከዚያ ራዲያተሩ ላይ ይምጡ። አየር የሚያመጣለት ቱቦ ቢያንስ 100 ሚሊሜትር ሆኖ የትም ሳይደፈጠጥ ይድረስ፤ ከኋላው የሚወጣው አየርም የሞተር መያዣ ቱቦ ወይም የሽቦ ጥቅል አይጋረጥበት። የዘይት መግቢያና መውጫው ወደ ታች ተደርጎ ከተገጠመ በላይኛው ክፍል አየር ታምቆ ግማሹ ራዲያተር ሥራ ይፈታል። ገቢና ወጪ ቱቦዎቹ ላይ በሙቀት ቀለሙ የሚቀየር የመለኪያ ወረቀት ለጥፈው ይብረሩ፦ ልዩነቱ ከ10 ዲግሪ ብዙም ካልዘለለ ዘይቱ በብዛት እየፈሰሰ አየሩ ግን አንሶታል፤ ልዩነቱ 30 ሆኖ ሞተሩ አሁንም ከጋለ ደግሞ በራዲያተሩ የሚያልፈው ዘይት ትንሽ ነው፣ ወደ ቴርሞስታቱ ይመለሱ።

በአንድ በረራ አንድ ለውጥ ብቻ ያድርጉ። በየበረራው የውጭውን ሙቀት፣ ጠቋሚ ፍጥነቱን፣ የሞተሩን ዙር፣ የአራቱን ቴስታታና የአራቱን ጭስ ሙቀት፣ የዘይቱን ሙቀት፣ የላይና የታች ግፊቱን ይመዝግቡ። በ75 እና በ95 ኖት የተነበቡትን ቁጥሮች ከላኩልኝ ሮንዴላው በቂ መሆኑን ወይም የላሜራ ቦዩ እንደሚያስፈልግ ከእነሱ መለየት ይቻላል።